ኩሽኔታ

እኛ ከመድረሳችን በፊት ድምፃችን ይደርስ ነበር። ብረት አስፋልት ላይ ሲንከባለል ጥርስ ያንቀጠቅጣል። ውሻ ይጮኻል። በር ላይ እህል የሚለቅሙ እናቶች ሰፌዳቸውን ወደ ጉያቸው ይሰበስባሉ። ሕፃን ያስተኛች ሴት ብቅ ብላ "ደግሞ መጡ!" ትላለች። እኛ አንሰማም። አራት ኩሽኔታ ከእግርህ ሥር እየጮኸ ምን ይሰማል?

ያደግኩት አዳማ ነው። ያኔ ሰፈሩ ሁሉ ናዝሬት ነበር የሚላት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የእኛ ሰፈር ልጅ ወይ ኳስ ይጫወታል ወይ ኩሽኔታ አለው፤ ከመኪና የወጡ አራት የሚሽከረከሩ የብረት ቀለበቶች ጣውላ ሥር ገብተው የምንነዳው። ኳሱ ቀላል ነው፤ ካልሲና ፌስታል ካለ አለቀ። ኩሽኔታ ግን ይፈለጋል፣ ይለመናል፣ ይጠበቃል።

ከተማችን ለዚህ ጨዋታ የተሠራች ትመስል ነበር። ወደ ወደብ የሚወርደው ተሳቢ ሁሉ መሃሏን ሰንጥቆ ያልፋል። ጦርነቱ ተነስቶ የአሰቡ ጭነት ወደ ጅቡቲ ከዞረ በኋላም መንገዱ ያው በእኛ በር ነው። መኪና ባለበት ጋራዥ አለ፣ ጎሚስታ አለ፣ ዘይት የጠጣ ጥቁር አፈር አለ። ያረጀ ኩሽኔታ የሚገኘው እዚያ አፈር ላይ ነው።

ሁሉም ኩሽኔታ ግን አይሆንም። ይህን ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። የከባድ መኪና የጎማ ኩሽኔታ ትልቅ ነው፣ ሲያዩት ያጓጓል። ነገር ግን ሾጣጣ ነው፤ ውስጡና ውጩ ይለያያል። መሬት ላይ አንድ ቀን አይውልም። የሚፈለገው የዲናሞ ወይም የካምቢዮ ነው፤ ኳሶቹ በሁለት ቀለበት መሃል ተይዘው የማይወጡት። እሱን ለማግኘት ጋራዥ በር ላይ ሰዓታት እንቆማለን።

"ጋሼ፣ ያረጀ ኩሽኔታ አለዎት?"

"ምን ልታደርጉበት?"

"መኪና ልንሠራበት።"

አንዳንዱ ያባርረናል። አንዳንዱ ውሃ ቅዱልኝ፣ ሲጋራ ግዙልኝ ብሎ ያሠራንና ሁለት ይሰጠናል። አራት ለመሙላት ወር የፈጀብን ጊዜ አለ።

ኩሽኔታው ሲገኝ ሥራው ገና መጀመሩ ነው። ቆርቆሮ ውስጥ ናፍጣ አድርገን ነክረን እናሳድረዋለን። ጠዋት ጥቁሩ ዝቃጭ ከሥር ይቀራል። ወንድሜ ያወጣውና በጨርቅ ይጠርገዋል። ሌባ ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ከትቶ በሌላው እጁ መታ ያደርገዋል። ይሽከረከራል። ወደ ጆሮው አስጠግቶ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ጥሩ ከሆነ "ይሄ ይሄዳል" ይላል። ካልሆነ ምንም ሳይናገር ወደ ጎን ያስቀምጠዋል። ከዚያ ለምኖ ያመጣትን ግራሶ በትንሽ ጣቱ ይቀባዋል። እኔ ከፊቱ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሰው ሥራውን እንዲህ አክብሮ ሲሠራ ብዙ አላየሁም።

አክስሉ ባሕር ዛፍ ነው። ጫፉ ከኩሽኔታው ቀዳዳ በጥቂቱ ወፈር ብሎ ይጠረብና በመዶሻ እየተመታ ይገባል። ጫፉን ውሃ ካጠጣነው እንጨቱ ያብጥና ኩሽኔታውን ነክሶ ይይዘዋል። ከላይ ጣውላ። የፊተኛው አክስል መሃሉን በአንድ ብሎን ብቻ ይያዛል፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዲል። ቁጭ ብለህ፣ እግርህን አክስሉ ላይ አድርገህ፣ ቁልቁል ነው።

ሁላችንም ቁጭ ብለን ነበር የምንነዳው። አንድ ቀን ወንድሜ ጣውላውን በመጋዝ አሳጠረው። ብሎኑን ፈታና ፊተኛውን አክስል እንደ ኋለኛው በሚስማር ቸነከረው።

"በምን ልትመራው ነው?" አልኩት።

"ቆሜ" አለኝ።

ስኬትቦርድ የሚባል፣ ቆመው የሚነዱት ባለጎማ ጣውላ በዓይናችን አይተን አናውቅም። ቴሌቪዥን ያለው ቤት በሰፈሩ ሁለት ነው፤ እዚያም የሚታየው ዜናና ድራማ ነው። ወንድሜ ግን ቆመ። መጀመሪያ ሳምንት ሙሉ ወደቀ። ጣውላው በራሱ መታጠፍ ስለማይችል ዘዴ አወጣለት። ክብደቱን ወደ ኋላ እግሩ ያደርግና የፊቱን ከመሬት ብድግ አድርጎ ወደፈለገበት ይወረውረዋል። ሄዶ፣ ብድግ፤ ሄዶ፣ ብድግ። ለዚህ ነገር በባሕር ማዶ ስም እንዳለው፣ ኪክተርን እንደሚባል ያወቅሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ማንም ሳያስተምረው አዳማ ቁልቁለት ላይ ብቻውን አገኘው።

ውድድር ነበረን። ከላይ ሆነን አንዱ "ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ!" ይላል፤ ሁላችንም እንለቃለን። ዳገቱን ስንመለስ ደግሞ ጋሪ እንጠብቃለን። አዳማ ያኔ የጋሪ አገር ናት። የጋሪውን ኋላ በአንድ እጅ ጨብጠህ መሳብ ነው። ባለጋሪው ሳይዞር ጅራፉን ወደ ኋላ ይልካል፤ ጎንበስ ትላለህ፣ ከራስህ በላይ ያልፋል። ከጋሪ አልፈው አይሱዙ ላይ የሚንጠለጠሉም ነበሩ። ያንን ዛሬ ሳስበው ሰውነቴ ይሸማቀቃል። ከመካከላችን ሰው አለመሞቱ የእግዜር ጥበቃ ነው።

እኔ የወደቅኩት ክረምት ላይ ነው። ማታ ጎርፍ ወርዶ አስፋልቱ ላይ ጠጠር ጥሎ አድሯል። ፀሐይ ወጥቶ ስለነበር ደረቅ መስሎኝ ለቀቅኩት። አንዲት ጠጠር፣ ከባቄላ የማትበልጥ፣ ከፊተኛው ኩሽኔታ ሥር ገባች። ጣውላው ቀጥ አለ። እኔ ግን አልቆምኩም። አገጬ፣ ሁለቱም መዳፌ፣ ቀኝ ጉልበቴ። ወንድሜ አዝሎኝ ገባ። እማዬ መጀመሪያ የተወቀጠ ቡና ጉልበቴ ላይ ደፋችበት፣ ደሙ እንዲቆም። በማግስቱ ጂቪ ተቀባሁ፤ ፊቴ ለሁለት ሳምንት ወይን ጠጅ ሆነ። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረች። "ልጄን ልትገድለው ነው?" አለችው። እሱም ልጇ ነው። ምንም አልመለሰላትም።

ጣውላው ያን ሳምንት ምጣድ ሥር ገባ። ከነኩሽኔታው። ወንድሜ እንጀራው ተጋግሮ እስኪያልቅ ጠበቀና አመዱን በእንጨት ጫረው። አራቱንም አወጣቸው። ናፍጣ ውስጥ ነከራቸው፣ ጠረጋቸው፣ ጣቱ ላይ አድርጎ አዞራቸው። ብረት አንዴ እሳት ካገኘው ጥንካሬው ይሄዳል፤ ጉርብጥብጥ ብለው ነበር። አንዱን ከአንዱ እየቀያየረ ወደ ጆሮው ሲያስጠጋ አየሁት። "ይሄ ይሄዳል" የሚለውን ስጠብቅ ቀረ።

ታዲያ በዚያው ዘመን፣ ሰኔ 20 ቀን 1991 ዓ.ም.፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ቶኒ ሃውክ የሚባል ሰው አየር ላይ ሁለት ዙር ተኩል ተሽከርክሮ ቦርዱ ላይ ቆሞ አረፈ። ዘጠኝ መቶ ዲግሪ ነው። ያን ማታ ደጋግሞ ወድቋል፤ ሰዓቱ አልቋል ቢባልም አላቆመም። ዓለም ስለዚያ ምሽት ብዙ አውርቷል። ቪዲዮውን ያየሁት ከዓመታት በኋላ ስልክ ላይ ነው። እኔ ግን ዙሩን ትቼ ያየሁት መውደቁን ነው። ጉልበቱ ላይ ወድቆ፣ ተነስቶ፣ ቦርዱን ብብቱ ሥር ከትቶ ሲመለስ። ያንን አካሄድ አውቀዋለሁ። ወንድሜ ቁልቁለቱን ሲመለስ እንደዚያ ነበር የሚሄደው።

ጨዋታችን የሞተው በእናቶች ቁጣ አይደለም። ኮብልስቶን መጣ።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። የውስጥ ለውስጥ መንገዱ ሁሉ ድንጋይ መልበስ ጀመረ። ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ የነበረው ሰፈር ጫማ ሳይቆሽሽ የሚኬድበት ሆነ። ይህን ማንም እንዳያሳንሰው። ብዙ ወጣት ከዚያ ሥራ እንጀራ በልቷል፤ አንዱ ወንድሜ ነው። ትምህርቱን አቋርጦ በማኅበር ተደራጀና ሁለት ዓመት ድንጋይ ጠረበ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት በዚያ ገንዘብ ነው። ማታ ሲገባ ቅንድቡ ላይ የድንጋይ ዱቄት አለ። ጣቶቹ ከመሰነጣጠቃቸው የተነሳ እንጀራ ሲቆርስ ወጡ ያቃጥለዋል።

የሰፈራችንን ቁልቁለት ያነጠፈውም የእሱ ማኅበር ነው። ኮብልስቶን ላይ ትንሽ ጎማ አይሄድም። ኩሽኔታ ቢሉት፣ ስኬትቦርድ ቢሉት፣ ከድንጋይ ድንጋይ ያለችው ክፍተት ትይዘዋለች። ያን ቀን ምሳ ይዤለት ሄጄ ነበር። ተንበርክኮ ድንጋይ በመዶሻ እያስቀመጠ ነው። ቀና ብሎ ቁልቁለቱን አየና "በቃ፣ ከዚህ በኋላ ማንም አይወድቅባትም" አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ሁለታችንም ገብቶናል።

እውነተኛውን ስኬትቦርድ ያየነው በ2006 ዓ.ም. ነው። ከጎረቤት የእትዬ ልጅ ከአሜሪካ ልጆቹን ይዞ መጥቶ ነበር። ሲመለሱ ሻንጣ ሞላና ቦርዱ ቀረ። እትዬ "አንተ ጎማ ትወዳለህ" ብላ ለወንድሜ ላከችለት። ያኔ ጋራዥ ተቀጥሮ ይሠራል። ጠረጴዛ ላይ ገለበጠው። እንጨቱን በጥፍሩ ኳ ኳ አደረገው፤ ሰባት ስስ ንጣፍ ተጣብቆ የተሠራ ነው፣ ጎኑ ላይ ይቆጠራል። ከሥር ያሉትን ብረቶች ጨብጦ ወዘወዛቸው። መሃላቸው ጎማ ነገር አለ፤ ስትጫነው ይታመቃል፣ ቦርዱ ወደተጫንክበት ይታጠፋል። እሱ ያጣው ይህን ነበር። ዝም ብሎ ብዙ ጊዜ ወዘወዘው።

ከዚያ ቁልፍ አምጥቶ አንዱን ጎማ ፈታ። ከመሃሉ በካቻቢቴ ፈልቅቆ አንድ ነገር አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠው።

ኩሽኔታ።

የሃያ አምስት ሳንቲም ድፍን የምታህል። ጎኗ ላይ 608 ተጽፏል። ከዳር እስከ ዳር 22 ሚሊ ሜትር፣ ቀዳዳዋ 8፤ ውስጧ ጥቃቅን ኳሶች። በአንድ ጎማ ሁለት፣ በአንድ ቦርድ ስምንት። ወንድሜ እስኪደክመው ሳቀ። "ውስጥ ነው ያስገቡት!" አለ። "እኛ ውጭ አደረግነው፣ እነሱ ውስጥ!"

ከዚያ በኋላ ነው ስለዚህ ስፖርት ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ የጀመርኩት። አነሳሱ ከእኛው ጋር ይመሳሰላል። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ማዕበል ላይ የሚንሸራተቱ ልጆች የሮለር ስኬት፣ የባለጎማ ጫማ፣ ጎማ ነቅለው ጣውላ ላይ ቸነከሩ። ማዕበል በሌለ ቀን አስፋልቱ ላይ ለመንሸራተት ነው። ጎማቸው መጀመሪያ ብረት ነበር፤ ቀጥሎ ከሸክላ ዓይነት ነገር ተሠራ። ጠጠር ሲያገኝ ቀጥ ይላል፣ ልጁን ይወረውረዋል። ይህን ሳነብ አገጬን ነካሁ።

ነገሩን የቀየረው ፍራንክ ናስዎርዚ የሚባል ወጣት ነው። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጀመሪያ ፖሊዩሬቴን የሚባለውን ለስለስ ያለ ፕላስቲክ ለስኬትቦርድ ጎማ አደረገው። ጠጠሯን ውጦ ያልፋል፣ መሬቱን ይይዛል፣ አይጮኽም። ሰው የዚህን ስፖርት ታሪክ ሲያወራ በአየር ላይ የሚገለበጡትን ነው የሚያነሳው። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ያ ጎማ ነው። ከእሱ በፊት የነበረውን ዓለም ኖሬበታለሁ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ተከታትሎ መጣ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ካሊፎርኒያ ድርቅ ሲገባ የግቢ መዋኛ ገንዳዎች ደረቁ፤ ልጆች አጥር ዘለው ገብተው የገንዳውን ግድግዳ ይወጡት ጀመር። ፍሎሪዳ ውስጥ አለን ጌልፋንድ እንደዚያ ባለ ጎድጓዳ ሜዳ ላይ ቦርዱን በእጁ ሳይዝ አየር ላይ ወጣ። ቅጽል ስሙ ኦሊ ስለነበር ዝላዩም ኦሊ ተባለ። ሮድኒ ሙለን ደግሞ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያንኑ ዝላይ ዝም ባለ ደልዳላ መሬት ላይ አደረገው። የኋላ እግር የቦርዱን ጭራ ወደ መሬት ይመታል፣ የፊት እግር ቦርዱን እየቧጠጠ ወደ ላይ ይስበዋል። እሷ ዝላይ ስትገኝ ገንዳም መወጣጫም የግድ መሆኑ ቀረ። ደረጃ፣ አግዳሚ ወንበር፣ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ፣ ከተማው ራሱ መጫወቻ ሆነ።

ወንድሜ ኦሊን ለመማር አራት ወር ፈጀበት። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ሚስት አግብቷል፣ ቱታው ግራሶ ነው። ማታ ማታ ጋራዡ ሲዘጋ የሲሚንቶው ወለል ላይ ይለማመዳል። ኢንተርኔቱ እየቆመ እየሄደ አንዱን ቪዲዮ መቶ ጊዜ አይተነዋል። የተነሳላት ቀን ሲደውልልኝ አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። "ተነሳች" አለኝ። ሌላ አላለም።

አዲስ አበባ በዚያን ጊዜ ቀድማናለች። ወጣቶች ተሰባስበው ቦርድ ይዋዋሳሉ፣ አንዱ ሌላውን ያስተምራል። በ2008 ዓ.ም. ላፍቶ ላይ የስኬት ሜዳ ተከፈተ፤ ከውጭ የመጡ በጎ ፈቃደኞችና የከተማው ልጆች አብረው ሲሚንቶ ያቦኩበት ነው። ወንድሜን ይዤው ሄጄ ነበር። ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ወለሉን በመዳፉ ሲዳብስ፣ ለስላሳነቱን ሲለካ አስታውሳለሁ። በኋላም ሴቶቹ የራሳቸውን ቡድን መሠረቱ፤ ኢትዮጵያን ገርል ስኬተርስ ይባላሉ። በእኔ ልጅነት ኩሽኔታ ላይ የወጣች ሴት ልጅ አንዲትም ትዝ አትለኝም። ቁልቁለቱ ዳር ቆመው ያዩን ነበር። ተራ ሰጥተናቸው አናውቅም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሐምሌ 19 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የገብርኤል ዕለት ነው። አዳማ እማዬ ጋር ነበርኩ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወልቅ አጠገቤ ተቀመጠች። ስልኬ ላይ የቶኪዮ ኦሊምፒክ የሴቶች ስኬትቦርድ ነው፤ ስፖርቱ ኦሊምፒክ ሲገባ የመጀመሪያው። ወርቁን ያገኘችው ሞሚጂ ኒሺያ 13 ዓመቷ። ብሩን ያገኘችው ብራዚላዊቷ ራይሳ ሊያልም 13። ነሐስ ያገኘችው 16። እማዬ አየች፣ አየችና "እነዚህን ልጆች እናታቸው አትቆጣም?" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ "የወንድምህን ጣውላ ባላነደው ኖሮ" አለች። ዞር ብዬ አየኋት። ሃያ ዓመት ሙሉ ስለዚያ ጣውላ አንድ ቀን አንስታ አታውቅም።

ከሦስት ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ የ11 ዓመቷ ቻይናዊት ዠንግ ሀውሀው ተወዳደረች። በዚያው ስፖርት፣ በዚያው ሜዳ፣ 51 ዓመት የሞላው አንዲ ማክዶናልድም ለብሪታንያ ተወዳደረ። ይህን ለወንድሜ ነገርኩት። "ሃምሳ አንድ?" አለ። "ገና አሥራ ሦስት ዓመት አለኝ ማለት ነው።"

አሁን የሚነዳው ግን እሱ ሳይሆን ልጁ ናት። አሥር ዓመቷ ነው። ከአባቷ ቦርድ ወረሰች፣ ከቲክቶክ ዘዴ ትማራለች። የሌላት መሬት ነው። በራቸው ላይ ኮብልስቶን፣ አባቷ ያነጠፈው። ዋናው አስፋልት ተሳቢ አለበት። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ለስላሳና ሰፊ ነው፤ እዚያ ስትነዳ አንድ ጥበቃ ሁለቴ አባረራት። ሰውዬው ሥራውን ነው የሠራው። የእግረኛ መንገድ የእግረኛ ነው፤ አሮጊት ገፍታ ብትጥልስ? ስለዚህ እሑድ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ መኪና ሳይበዛ፣ አባቷ ሰፈር ካለው የትምህርት ቤት አጥር ጎን ያለችውን አጭር አስፋልት ይጠብቅላታል። እሱ ከታች ቆሞ መኪና ሲመጣ እጁን ያነሳል።

እኔ የምለው ይህን ነው። አዳማ ንፋሷን ሰብስባ መብራት የምታመነጭ ከተማ ናት። ስብሰባውን ሁሉ ታስተናግዳለች፣ አዳራሽ አላት፣ ሆቴል አላት። አንድ የቅርጫት ኳስ ሜዳ የምታህል ለስላሳ ሲሚንቶ ለልጆች ብታፈስ አቅም አያንሳትም። መወጣጫ ባይኖረው፣ ብረት ባይተከልበት ግድ የለም። ልሙጥ ይሁን፣ ጎርፍ ጠጠር አይጣልበት፣ መኪና አይግባበት። ሌላውን ልጆቹ ያውቁበታል። እኛ በናፍጣና በባሕር ዛፍ አውቀንበታል።

ባለፈው እሑድ ከእነሱ ጋር ነበርኩ። ልጅቷ ሁለቴ ወርዳ ሦስተኛው ላይ አቆመችና ቦርዱን ይዛ መጣች።

"አባዬ፣ ይሄኛው ይንገዳገዳል።"

ወንድሜ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ከኪሱ ቁልፍ አወጣና ጎማዋን ፈታ። ኩሽኔታዋን ፈልቅቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረጋት። ለእሱ ጣት ትጠባለች፤ ስለዚህ የልጅቷን እጅ ያዘና ትንሿ ጣቷ ላይ ሰካላት። ከዚያ በጥፍሩ መታ አደረጋት። ልጅቷ እጇን ወደ ጆሮዋ ወሰደች። ዓይኗን ጨፈነች። መንገዱ ላይ ማንም የለም። ሦስታችንም ዝም አልን።

"ይሄ ይሄዳል?" አላት።